ሞገዱን ስትመረምሩ ካሜራውንም እዩልን፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን
ጉዳዩ፦ ካሜራ ስላለበት መነጽር

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደብዳቤው እንደ ቢሮ ደብዳቤ የተስተካከለ ስላልሆነ አትቀየሙኝ፣ ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ አስገብቼ በመሀል በመሀል በስልኬ ነው ምጽፈው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ነው ሳሎን የከፈትኩት (እንዴት ሆኖ አትበሉኝ፣ በኛ ብሎክ ብቻ ዲግሪ ይዞ ሱቅ የከፈተው ብዙ ነው)፣ ስለዚህ ስለ ቴክኖሎጂ ሳወራ የሰማሁትን ብቻ እየደገምኩ እንዳይመስላችሁ።

እናንተ ጋ አንድ ሥራ አለ፣ ከውጪ ሚገባ ስልክ፣ ራውተር፣ ሬድዮ ምናምን ሞገዱ ከሌላው ጋ እንዳይጋጭ፣ ደረጃውን እንዲያሟላ አይታችሁ ታይፕ አፕሩቫል ምትሰጡት። ሌላ ሥራም ተጨምሮላችኋል፣ በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተቆጣጣሪው እናንተ ናችሁ ይላል። ዕቃው ሲገባ ምታዩት እናንተ፣ ዕቃው ከሰው ሚሰበስበውንም ምትጠብቁት እናንተ። ምለምናችሁ ነገር ሁለቱ ሥራ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲገናኝ ነው። ብሉቱዝና ዋይፋይ ያለው መነጽር ለፈቃድ ሲቀርብላችሁ ሞገዱን ለክታችሁ ብቻ እንዳታሳልፉት፣ የሞገዱ ነገር እኔን አያሳስበኝም፣ እኔን ሚያሳስበኝ ካሜራው ያየውን ይዞ የት ነው ሚሄደው ሚለው ነው።

ስለ የትኛው መነጽር እንደማወራ ልናገር። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ሬይባን ሚባለውን መነጽር ከሚሰራው ከኤሲሎርሉክሶቲካ ጋር ሆኖ በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ አወጣ፣ ብዙም አልሄደለትም፣ በ2023 ሌላ አሻሽሎ በ299 ዶላር አመጣ፣ ያኛው ሄደለት፣ እስከ 2025 መጀመሪያ ሁለት ሚሊዮን ያህል እንደሸጡ ራሳቸው ተናግረዋል። በ2025 መስከረም ላይ ደግሞ አንደኛው ሌንስ ውስጥ ስክሪን ያለው በ799 ዶላር ወጣ፣ በዛሬ ምንዛሬ ከመቶ ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ዋጋ ማን ይገዛዋል እንዳትሉኝ፣ እኛ ሰፈር ዕቃ በዋጋው አይደለም ሚገባው፣ በዘመድ ሻንጣ ነው ሚገባው።

ማስታወቂያው ላይ ኦግመንትድ ሪያሊቲ (ዓይን ሚያየው ነገር ላይ ምስልና ጽሁፍ መደረብ) ነው ወሬው። ዓይንህ ፊት ካርታ ይመጣል፣ ሰውዬው ሲያወራህ ትርጉሙ ስር ስሩ ይጻፍልሃል፣ ስልክ ኪስህ ውስጥ ይቀራል፣ አንገትህን ደፍተህ መሄድ ይቀራል። ጥሩ ህልም ነው። ግን እስካሁን ከተሸጠው አብዛኛው ለለበሰው ሰው ምንም ሚያሳየው ነገር የለም እኮ! ስክሪን የለውም። ካሜራ አለው፣ ማይክ አለው፣ ስፒከር አለው። ለባሹ ሚያየው ነገር ገና መንገድ ላይ ሆኖ ኩባንያው ሚያየው ነገር ቀድሞ ደርሷል፣ እኔን መጀመሪያ የከነከነኝ እሱ ነው። ትርጉም ሚሉትም ሲጀመር በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛና በስፓኒሽ ነበር፣ አማርኛችን ወረፋው ላይ የለችም፣ ፊታችን ግን ወረፋ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ሳሎኔ ልውሰዳችሁ። ሳሎኔ ወንድ አይገባበትም፣ በሩ ላይ መጋረጃ አለ፣ በዚህ ምክንያት ከአያት ማዶ ሁሉ ሚመጡ ሙስሊም ደንበኞች አሉኝ፣ ቤተሰባቸው ካልሆነ ወንድ ያላየውን ፀጉራቸውን እዚህ ነው ሚፈቱት። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ክልክል ነው፣ ተለጥፏል፣ ሁሉም ያከብረዋል። ባለፈው የሰርግ ሰሞን አንዲት ከውጪ የመጣች ልጅ ሹሩባ ልትሰራ ገባች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ጥቁር ወፍራም ፍሬም መነጽር አድርጋለች፣ ማን ልብ ይለዋል። ሠራተኛዬ ቁጥርጥሩን ጀምራላታለች፣ ከጎኗ ደግሞ አንዷ ደንበኛዬ ሂጃቧን አውልቃ፣ ታጥባ፣ ግማሽ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ተቀምጣለች። ሳሎን መቼም መስታወት በመስታወት ነው፣ ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ ከፍሬሙ ጥግ አንዲት ነጭ ነጥብ ስትበራ አየች።

«እህት፣ መነጽርሽ ላይ ምንድነው ሚበራው?»

«ውይ ምንም አይደል፣ ቪዲዮ ነው። ለእማ ልልክላት ብዬ፣ ሹሩባ ሲሰራ ማየት ትወዳለች።»

ደንበኛዬ አልጮኸችም። ትከሻዋ ላይ የነበረውን እርጥብ ፎጣ አንስታ ከነቢጎዲኑ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገችው፣ ውሃው ባንገቷ እየወረደ ልጅቷ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ እንደዛው ተቀመጠች። ልጅቷ ደንግጣ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ፊታችን አጠፋችው፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ስትወጣም ከሂሳቡ በላይ ነው የከፈለችው። ክፋት የለባትም፣ ለዛ ነው ያሳሰበኝ። ክፉ ሰው ቢሆን እንደ ሌላው ክፉ እንከላከለው ነበር። ከስልኳ ጠፋ፣ እሺ፣ ከዛ በፊት ግን ወደ ሌላ ቦታ ደርሷል አልደረሰም ብትሏት እሷም አታውቅም እኔም አላውቅም፣ ደንበኛዬ ደግሞ ጭራሽ ምትጠይቀው ሰው የላትም። ከዛ ወዲህ አልመጣችም።

ስልክ ቢሆን እኮ እጅ ይነሳል፣ ያ የተነሳ እጅ ነው ምልክታችን፣ ሰዉ ፊቱን ያዞራል፣ ነጠላውን ይስባል፣ «አንተ ምን ታደርጋለህ» ይላል። መነጽር ላይ ሚነሳ እጅ የለም፣ ማየትና መቅዳት አንድ ሆነ ማለት ነው። ጸበል ቦታ አስቡት፣ እናቶች በውስጥ ልብስ ሚጠመቁበት። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አስቡት፣ ካርዷን ይዛ የትኛው ክፍል እንደምትገባ እንዳይታይባት ምትፈራ ልጅ። ለቅሶ ቤት አስቡት።

መብራት አለው ይላሉ። አለው፣ እኛም ያየነው በመብራቱ ነው፣ ግን መስታወት ባይኖር አናየውም ነበር፣ የበጋ ፀሐይ ላይ ደግሞ ማን ያየዋል። ይሄን ስጋት እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፣ የመጀመሪያው ሞዴል እንደወጣ በ2021 የአየርላንድና የጣልያን የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች «ይቺ ትንሽ መብራት ሰውን በትክክል እንደምታስጠነቅቅ አሳዩን» ብለው ጠይቀዋል። እናንተም የነሱ አቻ ናችሁ እኮ። መብራቷ ስትሸፈን ካሜራው እንዳይሠራ ተደርጓል ይባላል፣ ጥሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ተቀብለው ካሜራው እየሠራ መብራቷን ብቻ ሚያጠፉ ሰዎች እንዳሉ ጋዜጠኞች ዘግበዋል፣ እዛ ከተቻለ መገናኛ ካሉት ሞባይል ጠጋኞች ሚያቅተው ያለ አይመስለኝም።

በ2024 ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች የሠሩትን ያላየ ካለ ይፈልገው። መነጽሩን አድርገው መንገድ ወጡ፣ ቪዲዮው በኢንስታግራም ላይቭ ወደ ኮምፒውተራቸው ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይይዛል፣ ፊቱን በፊት መፈለጊያ ድረ ገጽ ከኢንተርኔት ያገናኘዋል፣ ከዛ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር ለቅሞ ያመጣላቸዋል። የማያውቁትን ሰው ባቡር ላይ አግኝተው በስሙ ጠሩት። አንድም አዲስ ነገር አልፈለሰፉም፣ ሁሉም በገበያ ያለ ነው፣ አደጋውን ለማሳየት ነው የሠራነው ብለው ኮዱን ለማንም አልሰጡም። እነሱ ስላልሰጡ ሌላው አይሠራውም ማለት ግን አይደለም።

እዚህ አገር ደግሞ ፊትና ስምና ሰፈር አንድ ላይ ሲገጥም ሚመጣው ነገር ሐፍረት ብቻ አይደለም፣ ዝርዝሩን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ናይሮቢ ፍርድ ቤት ያለውን ክስ ታውቁታላችሁ፣ በ2021 ባሕር ዳር የተገደሉት የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጅ በሜታ ላይ የመሠረተው። የአባቴ ፎቶና ስም ከሥራ ቦታው ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፣ ሪፖርት አደረግኩ፣ በጊዜ ሚያነሳው አጣሁ ነው ሚለው። የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በ2025 ነው፣ ፍርዱ ገና ነው። አንድ ሰው ፈልጎ፣ ፎቶ መርጦ፣ ተቀምጦ የለጠፈውን ጽሁፍ እንኳን በጊዜ ማንሳት አቅቶታል ተብሎ ሚከሰስ ኩባንያ፣ ማንም ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ሚቀዳ ዕቃ ሲሸጥልን «እመኑኝ» ሲል ምን ይዘን ነው ምናምነው?

ኩባንያው ለምን እንደዚህ እንደፈለገው ላስረዳ፣ ይሄን ክፍል የራሴ ግምት ነው በሉት፣ ቁጥሩ ግን የራሳቸው ነው። ሜታ በ2024 ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ያህል ማስታወቂያ ነው። በዛው ዓመት እነዚህን መነጽሮችና የቪአር (ምናባዊ ዓለም ሚያሳዩ) ዕቃዎች ሚሠራው ክፍሉ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ከዛ በፊት ባለው ዓመትም 16 ቢሊዮን አልፏል። ነጋዴ ነኝ፣ በየዓመቱ እንደዚህ እየከሰርኩ አንድ ዕቃ ምሸጥ ከሆነ ገንዘቡን ከዕቃው ሽያጭ እንደማልጠብቅ ማንም ያውቃል። ታዲያ ምን ጠብቀው ነው? በ2021 አፕል አይፎን ላይ «ይሄ አፕ እንዲከታተልህ ትፈቅዳለህ?» ሚል ጥያቄ አመጣ፣ ሰዉ አልፈቅድም አለ፣ ሜታ በዚህ ብቻ በ2022 አሥር ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እናጣለን ብሎ ተናገረ። የሰው ቤት ተከራይቶ ሚሠራ ሰው አከራዩ ቁልፍ ሲቀይርበት ሚሰማው ስሜት ነው፣ ስልኩ የአፕልና የጉግል ነው፣ እነሱ ፈለጉ በሩን ይዘጉታል። ስለዚህ የራሱን ቤት መሥራት ፈለገ፣ ቦታው ደግሞ አፍንጫችን ላይ ነው። ስልክ ምትነካውን ነው ሚያውቀው። መነጽር ምታየውን ያውቃል፣ የትኛው ሱቅ ፊት እንደቆምሽ፣ የማን ቤት እንደገባሽ፣ ማዕድሽ ላይ ምን እንዳለ። ማስታወቂያ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ ሚበልጥ ምን አለ?

ልማዳቸውንም እናውቃለን። ፌስቡክ ፎቶ ላይ ፊት እየለየ ታግ አድርግ ሲለን አልነበር? በ2021 አቆምኩ፣ ከአንድ ቢሊዮን ሰው በላይ የፊት መረጃ እደመስሳለሁ አለ፣ ቴክሳስ ግን አልለቀቀውም፣ በ2024 ያለ ፈቃድ ፊት ሰብስበሃል ብሎ 1.4 ቢሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። መነጽሩም ላይ እንደዛው ነው፣ በ2025 ሚያዝያ አካባቢ ደንቡን ቀይሮ «ሄይ ሜታ» ተብሎ ሚቀዳው ድምፅ እነሱ ጋ እንዳይቀመጥ ማድረግ ሚቻልበትን አማራጭ አነሳው፣ ካልፈለግክ እየገባህ ራስህ ሰርዝ ነው። የገዛው ሰው እንኳን እምቢ ማለት እንዲህ ካቃተው ያልገዛው፣ ከጎኑ የተቀመጠው ምን ሊል ነው? ደንበኛዬ የማንም ደንብ ላይ እስማማለሁ ሚለውን አልተጫነችም።

ጥቅም የለውም አልልም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው መነጽሩን አድርጎ ቢ ማይ አይስ በሚባለው አፕ በኩል በበጎ ፈቃድ ሚያየውን ሰው ደውሎ ያገኛል፣ ያ ሰው በካሜራው እያየ መንገዱን ይነግረዋል። እኛ ሰፈር ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል በየቦታው ነው፣ ለዓይነ ስውር ጎረቤቴ ይሄ ቢገባለት ደስታዬ ነው፣ ለሱ ስል ይከልከል አልልም። በጥቅሉ አግዱት እያልኩ አይደለም። ግን ኩባንያዎቹ ሁልጊዜ ዓይነ ስውሩን ከፊት አስቀድመው ነው ሚያሳዩን፣ ከኋላው ተሰልፎ ሚገባው ግን የማስታወቂያ ንግዱ ነው።

ሌላ ሚገርመኝ ነገር፣ ቦሌ ላይ ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ የገባ ሰው ጉምሩክ ይይዝበታል፣ ሩቅ ማሳያ መነጽር እንኳን ያዙብኝ ሚል ሰው ሰምታችኋል። ከሰማይ ሚያየውን እንይዛለን፣ ከሩቅ ሚያየውን እንይዛለን፣ ፊት ለፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ሚቀዳው ግን ሰዉ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተብሎ ያልፋል። ይያዝ ማለቴ አይደለም፣ መዝናችሁት ነው ወይስ ሳትመዝኑት ነው ሚያልፈው ማለቴ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት ራሱ ግርግር ነበር፣ ሰውዬው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ «አትንቀሳቀሱ» ይላችኋል፣ ሳያውቅ ሚነሳ ሰው ብዙም አልነበረም፣ ስለዚህ ሕጉ ያሰበው ስለ ማሳየቱ፣ ስለ ማባዛቱና ስለ መሸጡ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያውቀዋል። አዲሱ 1321 ደግሞ ፊትን የመሰለ የአካል መለያ ጥብቅ ጥበቃ ሚያስፈልገው ዳታ ነው ብሎታል። ለፋይዳ ስንመዘገብ ጣታችንን፣ ዓይናችንን፣ ፊታችንን ሰጥተናል፣ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ካሜራውን እያየን፣ ለምን እንደሆነ ተነግሮን ነው። ኬንያ ጎረቤታችን በ2023 ወርልድኮይን ሚባለው ድርጅት ዓይን ሲያነሳ ሰዉ ለሃምሳ ዶላር ያህል ዲጂታል ሳንቲም ተሰልፎ ዓይኑን ሰጠ፣ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ አስቆመው፣ በ2025 ፍርድ ቤቱ የሰበሰብከውን ደምስስ ብሎ ወሰነ። እነሱ ቢያንስ ተሰልፈው ነው የሰጡት። የኔ ደንበኛ ፀጉሯን ልትሠራ ነው የመጣችው።

ስለዚህ ምጠይቀው ይሄ ነው። ታይፕ አፕሩቫል ሲጠየቅ አስመጪው መቅጃ ያለው መነጽር መሆኑን ካርቶኑ ላይ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ይጻፍ፣ የተቀዳው የት አገር ያለ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሁፍ ያቅርብ፣ መቅዳት ሲጀምር ደግሞ መብራት ብቻ ሳይሆን ሰው ሚሰማው ድምፅ ይኑረው፣ የስልክ ካሜራ «ቀጭ» እንደሚለው። ፊት መለየት ሚባል አገልግሎት እዚህ አገር ላይ በዚህ ዕቃ እንዳይከፈት እናንተ ካልፈቀዳችሁ በስተቀር። ደግሞ «ለግል አገልግሎቴ ነው» ብሎ ሰው ሚቀዳ ሰው በአዋጁ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም ሚለውን በማያሻማ ቋንቋ አውጡት፣ ምክንያቱም ሁሉም ሚለው እሱን ነው፣ ያቺም ልጅ «ለእማ ነው» ነው ያለችው።

ጉግል ግላስ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፣ በ2013 በ1,500 ዶላር የተጀመረው፣ በ2015 ጥር ለሰፊው ሕዝብ መሸጡ የቆመው። እሱን መንግሥት አላስቆመውም። ዋጋውም ነበር፣ ጥቅሙም አልታይ ብሎ ነበር፣ ግን ቡና ቤቱም መጠጥ ቤቱም «አውልቀህ ግባ» ማለቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው፣ ሲያትል ያለ አንድ ቤት እንደውም መነጽሩ ገና ሰው እጅ ሳይገባ ነው ክልክል ነው ብሎ ያወጀው። እኔም መስታወቱ ስር አንድ ሳጥን አስቀምጫለሁ፣ ካሜራ ያለው መነጽር እዚህ ይቀመጥ ብዬ ጽፌበታለሁ፣ አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ደግሞ «የዓይን መነጽሬ ነው፣ ሳላደርገው አላይም፣ ምን መብት አለሽ» ብላ ተቆጥታኝ ወጥታለች። እውነቷን ነው፣ በቁጥር የተሠራ መነጽር ከሆነ አውልቂ ማለት ዓይንሽን አውልቂ ማለት ነው፣ ግን ከጎኗ ያለችውስ?

ሌላው ሁሉ ጥናት ያስፈልገዋል ካላችሁ እሺ፣ ይጠና። እስከዛ ግን ለዚህ ለአንዱ መልስ ጻፉልኝ፦ የንግድ ፈቃዴ ባለበት፣ ኪራይ በምከፍልበት ቤቴ ውስጥ ካሜራ ያለው መነጽር ያደረገች ደንበኛን አላስተናግድም ማለት እችላለሁ ወይ? እችላለሁ ካላችሁ ማህተም ያለበት አንድ ገጽ በቂዬ ነው፣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለሰፈሩ ሳሎኖች አዳርሰዋለሁ። አልችልም ካላችሁም ንገሩኝ፣ ለደንበኞቼ እኔ ራሴ ልንገራቸው።

ከአክብሮት ጋር
የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት፣ ከየካ አባዶ